ዘበኛ ቀጥሮ ጓዳን ክፍት መተው

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርና ትዳር አይደለም፤ ስለ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። «ሣጥን ደግሞ ምን ያወራል?» እንዳትሉኝ። ይህቺ ሣጥን አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ እንጀራዋን ልታሳጣት ምንም አልቀራትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ካፌና ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት ወይዘሮ አሉ። ከልጅነቴ የማውቃቸው የሰፈሬ ሰው ስለሆኑ «እትዬ» ነው የምላቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞቻቸው ተሰብስበው «እገሌ ከእኛ በላይ የሚከፈለው ለምንድነው?» ብለው አፋጠጧቸው። የእያንዳንዱን ሰው ደመወዝ እስከ ሳንቲሟ ያውቁታል። እትዬ ክው አሉ። ዝርዝሩን የሚያውቁት እሳቸውና የሂሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ናቸዋ! ልጅቷ «ኧረ እኔ ትንፍሽ አላልኩም» ብላ ብታለቅስ ማን ይስማት። «ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ተቀመጪ» ተባለች፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ እኔን አስጠሩኝ። ለልጅቷ ብለው እንዳይመስላችሁ። «አንተ ልጅ፣ ዋይፋዩ እየተንቀራፈፈ ደንበኛ አማረረብኝ፤ እስቲ እየው» ለማለት ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ የኮምፒዩተሩን ነገር ያወቅኩት በልምድ ነው። ማኪያቶ አዝዤ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የይለፍ ቃሉ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ የካፌው ስምና 123። ሞባይሌን አገናኘሁና በኔትወርኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩ። እናንተዬ! የቢሮው ፕሪንተር ታየኝ። የጥበቃ ካሜራዎቹ ታዩኝ። የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ታየኝ። «ፔይሮል» የሚለውን ፎልደር ስነካው ማን ነህ ሳይለኝ ወለል ብሎ ተከፈተ። ማኪያቶዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እትዬን ጠርቼ ሞባይሌን አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ ግን «ታዲያ ያን ሁሉ ብር ያፈሰስኩበት ፋየርዎል ምን ይሠራል?» አሉ ተቆጥተው።

ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ፋየርዎል የድርጅቱን ኔትወርክ ከውጭው ኢንተርኔት የሚጠብቅ ሣጥን ነው። ለትንንሽ ድርጅት የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ዋይፋይም አብሮ አላቸው። የእትዬ ሣጥን ጥፋት የለባትም። የተከላት ሰው ነው ዋይፋዩን ከቢሮው ኔትወርክ ጋር አንድ ላይ የቀላቀለው። ዘበኛው የግቢውን በር ይጠብቃል፤ ማኪያቶ ጠጪው ግን ቀድሞውኑ ጓዳ ገብቷል። ዘበኛው በየት በኩል ይየው?

እንግዲህ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ሱቅም ሆነ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፣ ባለሙያችሁን አስቀምጣችሁ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁት።

1ኛ. ዋይፋዩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለእንግዳ። ስም መለየት ብቻውን ግን አይበቃም። የእንግዳው በሣጥኑ ውስጥ የራሱ ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ ባለሙያዎቹ «ዞን» ወይም «ቪላን» ይሉታል። ለምሳሌ የቢሮው አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ የእንግዳው በ192.168.20 ይጀምር። ከዚያ ሕጉ ይጻፍ፦ ከእንግዳ ወደ ኢንተርኔት ይለፍ፣ ከእንግዳ ወደ ቢሮ አይለፍ። እንግዶቹም እርስ በርስ እንዳይተያዩ «ክላየንት አይሶሌሽን» የሚለውን ማብራት ነው።

2ኛ. ቁልፉ የዘመኑ ይሁን። «ዌፕ» የሚባለው የጥንቱ ቁልፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ደካማነቱ የተጋለጠ ነውና በፍጹም አትምረጡት። ዕቃዎቻችሁ የሚቀበሉት ከሆነ «ደብሊውፒኤ 3»፣ ካልሆነም «ደብሊውፒኤ 2» ከ«ኤኢኤስ» ጋር ይሁን። የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ አትሰስቱ፣ ረዘም አድርጉት። የቢሮው ቃል ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ሠራተኛ ሲለቅም ይቀየራል።

3ኛ. «ደብሊውፒኤስ» የምትለዋን አጥፏት። ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ስለሆነች የማትገመት ትመስላለች። ነገር ግን ሣጥኑ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ለብቻ «ልክ ነው፣ አይደለም» እያለ ይመልሳል፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ደግሞ ከሌሎቹ በስሌት የምትገኝ ናት። ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጉድ ነው።

4ኛ. ሣጥኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ቀይሩ። የማስተካከያው ገጽ በእንግዳው ዋይፋይም ሆነ ከውጭ ኢንተርኔት የማይከፈት ይሁን። አምራቹ የሚያወጣውን ማሻሻያም በየጊዜው መጫን ነው።

5ኛ. «የዋይፋዩን ስም ደብቄዋለሁ፣ ማን ያገኘኛል?» የምትሉ አላችሁ። ስም መደበቅ ቁልፍ አይደለም። ሞባይላችሁ ሲገናኝ ስሙን ራሱ ይጠራዋል፤ ጆሮ ያለው ይሰማል።

ስለ መንቀራፈፉም ልንገራችሁ። ለእንግዳው ዋይፋይ የፍጥነት ገደብ ቢደረግለት አንድ ፊልም አውራጅ የሁሉንም ድርሻ አይበላም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ቁጥር መስመር ጎረቤት ያልተጨናነቀበትን ምረጡ፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይረባበሹም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ባለሙያውን ቶሎ አትሸኙት። በእንግዳው ዋይፋይ ገብታችሁ የቢሮውን ፕሪንተርና ፎልደር ለመክፈት ሞክሩ። ከተከፈተ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ፎልደሩም ለራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ በር ቢዘጋም ሣጥን ይቆለፋል።

ታዲያ ልጅቷስ? ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አስተናጋጅ ይሁን፣ ደንበኛ ይሁን፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይሁን፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር። እትዬ መጀመሪያ «በቃ ነገ ትግባ ብላችሁ ንገሯት» አሉ። «እትዬ፣ በሰው ፊት የወጣ ስም በስልክ አይመለስም» አልኳቸው። ተቀየሙኝ፤ ሦስት ቀን አልጠሩኝም። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ቤቷ ድረስ ሄዱ።

ልጅቷ እግራቸው ላይ ልትወድቅ አልሞከረችም። ያልተከፈላትን የሁለት ሳምንት ደመወዟንና ጥፋት እንደሌለባት የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠየቀች። ጎሽ የኔ እህት! ሁለቱንም አገኘች። ደብዳቤውም ሠራተኛው ሁሉ እንዲያየው ለአንድ ሳምንት ተለጥፎ ነበር፤ ድሮ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል የነበረበት ግድግዳ ላይ።

ወገኖቼ፣ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ሣጥናችሁን ፈትሹ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!