ከማን ነው የሚደበቀው?

መደበቅ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የሚሸሸግና የሚፈልግ፣ ቢያንስ ሁለት ይጠይቃል። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ «ተደበቀ» ሲባል «ከማን?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚካሄዱት የገጸ ባሕርይ ጨዋታዎች አውራው የሆነው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ግን ይህችን ቀላል እውነት አንዴ ሲይዛት አንዴ ሲጥላት ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ብዕራችንን ያነሣነው አሁን ስለጣላት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙንና ጠላቶቹን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል።

ጨዋታው በ1974 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲታተም ሌባ የሚባል ገጸ ባሕርይ አልነበረውም፤ የመጣው በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ የጀማሪ ሌባ መነሻ ዕድል፣ በጥላ ውስጥ ለመደበቅ ከመቶ 10፣ ኮቴውን አጥፍቶ ለመሄድ ከመቶ 15 ነበር። ተዋጊው የሕይወት ነጥቡን በባለ 10 ገጽ ዳይስ ሲጥል ሌባው በባለ 6 ገጽ ይጥላል፤ ተዋጊው ጥሩር ለብሶ ሲቆም ሌባው ቆዳ ብቻ ይለብሳል። እንግዲህ ጋሻው መደበቅ ብቻ የሆነን ሰው፣ ያችው ጋሻ ከመቶ ዘጠና ጊዜ ትከዳዋለች ማለት ነው። የባሰው ግን የቁጥሩ ማነስ አይደለም። ዘበኛው ያንቀላፋም ይንቃም፣ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ያው 10 ነው!

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ነገሩን አቃናው። የሚደበቀው ይጥላል፣ የሚመለከተውም ይጥላል፣ የበለጠው ያሸንፋል። ለመደበቅ አንድ፣ ለኮቴ አንድ፣ ለማየት አንድ፣ ለመስማት አንድ እየተባለ ዳይሱ ቢበዛም ፍርዱ በሁለት ወገኖች መካከል ነበር። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ደግሞ አሳጠረው፤ ተደባቂው የጣለው ቁጥር ከተመልካቹ ማስተዋል ጋር ይነጻጸራል፣ ይኸውም በ10 ላይ ችሎታው ተደምሮ የሚገኘው ነው።

በ2024 ታድሶ የወጣው መጽሐፍስ? ከጠላት ዓይን ውጪ ሆነህ፣ በደንብ የሚከልል ነገር ጀርባ ወይም በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ካለህ፣ ችሎታህን ደምረህ 15 ካመጣህ በቃ ተደበቅህ። ስምህም «የማይታይ» ይሆናል፤ በአስማት ለጠፋ ሰው የሚሰጠው ያው ስም! ሊፈልግህ የሚነሣ ጠላት የጣልከውን ቁጥር መድረስ እንዳለበት መጽሐፉ መናገሩን አንክድም። ለመደበቁ በር ላይ ግን የሚያንጎላጅ ዘበኛና ዕድሜ የጠገበ ዘንዶ እኩል ዓይን ተሰጥቷቸዋል።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይታለልም። መደበቅ አለ፣ መሸሸግ አለ፣ ማድፈጥ አለ፣ ማሸመቅ አለ፤ መሰወር ግን ሌላ ነው። የተሰወረ ሰው መሐል ሜዳ ቆሞም አይታይም። የተደበቀ ሰው ግን ቁጥቋጦ ያስፈልገዋል፤ ቁጥቋጦውን ትቶ ሲወጣም ይታያል። የ2024ቱ ሕግ ድብቅነትን የሚያፈርሱትን ሲቆጥር ከሹክሹክታ የበለጠ ድምፅ ማሰማትን፣ በጠላት መገኘትን፣ ማጥቃትንና በቃል የሚደገም ድግምትን ይጠቅሳል። ከከለላ መውጣትን ግን በስሙ አይጠራውም። ታዲያ «መገኘት» ምንድነው? ጠረጴዛው ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ሕጉ አልከለከለኝም» ብሎ ጨረቃ የወጣበትን ግቢ ሊያቋርጥ ይነሣል፤ መሪው «ኧረ ወዲያ!» ይለዋል።

«ጨዋታ ነው፤ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚሉን አሉ። እነሱን እንለፋቸው። ሌሎች ግን «ቋሚው 15 ተጫዋቹን ከመሪው ፈቃድ ያድነዋል» ይላሉ። ይኸኛው ክርክር ክብደት አለው። የ2014ቱ መጽሐፍ በውጊያ ላይ ከተደበቀበት ወጥቶ የሚጠጋ «አብዛኛውን ጊዜ» ይታያል ይላል። በዚያች «አብዛኛውን ጊዜ» ውስጥ ስንቱ ሌባ ተቀብሯል! የመሪው ጎብሊን ደግሞ እየተዋጋ በየተራው መደበቅ በተፈጥሮው የተሰጠው ነው። ለጎብሊኑ ቁጥቋጦው ሁልጊዜ ይበቅላል፤ ለሌባችን ሲሆን መሬቱ ጭንጫ ይሆናል። አድልዎ መኖሩን እናውቃለን እንግዲህ። የአድልዎ መድኃኒት ግን ዕውርነት አይደለም።

ነገሩ ከዳይስ ያልፋል። መደበቅ የደካማው መሣሪያ ነው። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይኖራል፤ ሌባ የመረጠ ተጫዋች ለታሪኩ የሚያመጣው ስፍራውን ማስተዋሉን፣ ማን ወዴት እንደዞረ ማስላቱን ነው። ቁጥር ብቻ ካበቃው ስፍራውን መመልከት ይተዋል። ፈቃድ ብቻ ካስፈለገው ደግሞ ስፍራውን ትቶ የመሪውን ፊት ማጥናት ይጀምራል። በሁለቱም መንገድ የሚሞተው ታሪኩ ነው፤ ያ ልጅም ምሽቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ድብብቆሽ የተጫወተ ሕፃን እንኳ ከዚህ የተሻለ ሕግ ያውቃል፤ ፈላጊው ዓይኑን ሲጨፍን ሁሉም ያያል፣ ሲገልጥም ሁሉም ያውቃል። እኛም ለየጨዋታ ቡድኑ የምንለው ይህንኑ ነው። አንደኛ፣ ዳይስ ከመጣሉ በፊት መሪው ማን ወዴት እንደሚያይና ምን እንደሚከልል ጮክ ብሎ ይናገር። ሁለተኛ፣ የሚታለፈው ቁጥር ከተመልካቹ ይምጣ፤ ከአንዱ የተደበቀ ከሁሉ አልተደበቀም። ሦስተኛ፣ ዓይን ወዳለበት ሜዳ የወጣ ያለ ዳይስ ይታይ፤ ዓይኑ ወደ ሌላ ከዞረ ግን ይለፍ። አራተኛ፣ ጎብሊኑም በዚሁ ሕግ ይዳኝ። አምስተኛ፣ መሪው የተናገረውን ዳይሱ ከወደቀ በኋላ አያጥፍ።

ከዚያ ወዲያ ይጣል። ሌባችን ቢያዝም በዘበኛው ይያዝ እንጂ በመሪው አይያዝ።