የምርጫ ቅጹ ሲሞላ መምህሩ የት ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «የቱን ዩኒቨርሲቲ ልሙላ?» ተማሪው ጓደኛውን ይጠይቃል፤ ጓደኛውም ሌላ ጓደኛውን። በመጨረሻ ክፍሉ ሙሉ አንድ ዓይነት ዝርዝር ይሞላል።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በስንት ልፋት የተገኘ ዕድል በአንድ ቀን ወሬ ሊበላሽ አይገባም።

ምደባው ውጤትን፣ የምርጫን ቅደም ተከተልና የዩኒቨርሲቲውን የመቀበል አቅም የሚያይ ነው። ሁሉም ስመ ጥሩውን ብቻ ከደረደረ ቦታው ይሞላል፤ የቀረው ቦታ ወደ ተገኘበት ይላካል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ እንዴት ይሞላ? ዝርዝሩን ሦስት ላይ መክፈል ይበጃል። ከላይ፣ ለውጤቱ ትንሽ ከፍ ቢልም የሚመኙት ይሁን። ከመካከል፣ ከውጤቱ ጋር የሚመጣጠን። ከታች፣ እንደሚገኝ የሚታመንበት፤ ግን ቢደርስ ሳይከፋ የሚሄዱበት። ብዙዎች የታችኛውን ዝም ብለው ይሞሉትና ሲደርሳቸው ያለቅሳሉ።

ስም ብቻ አይታይ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ነው የተጀመረው፤ ሐሮማያ ከእርሻ ኮሌጅ፣ አርባ ምንጭ ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው ያደጉት። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከገቡ በኋላ ስለሆነ፣ የሚፈልጉት ክፍል እዚያ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ራሱ እየፈተነ መቀበል ስለ ጀመረ፣ እሱን የሚፈልግ ለብቻው ማመልከት እንዳለበት ይወቅ። የመንገዱ ርቀትና የቤተሰብ ኪስም ይታሰብ።

«እኛ የምንሰለጥነው ለአንደኛ ደረጃ ነው፤ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! በገጠር ቀበሌ ቅጹን ይዞ የሚመጣ ልጅ ከመምህሩ ሌላ ማንን ይጠይቃል? አባቱ ዩኒቨርሲቲ ደጅ አልደረሰ። እኛ «እንደ ጓደኛህ ሙላ» ካልነው መምህርነታችን ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ መምህሮቻችን በዚህ ጉዳይ አንድ ሰዓት ቢያስረዱን፣ እኛም ለዕረፍት ስንሄድ ከሰፈራችን ተፈታኞች ጋር ብንቀመጥ መልካም ነው። ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ የሚመርጠውን ግን አውቆት ይሁን።