«ሲስተም የለም» የሚባለው ሰው

በአንድ የነሐሴ ጠዋት በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች መቆያ ተቀምጬ ሳለሁ ስሜን ሰማሁ። እናትና አባቴ ያወጡልኝን አይደለም፤ ሕዝብ ያወጣልኝን ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን እየጠበቅን ነበር። በዕድሜ የገፉ አንዲት የኑዌር እናት፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሚሆናትን ሕፃን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ደጋግመው ሲያዩኝ ቆዩና ፈገግ ብለው፣ «አወቅሁህ። አንተ ‹ሲስተም የለም› ነህ» አሉኝ።

አጠገቤ የነበሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም። ከኢታንግ ሦስት ቀን በተከታታይ ወደምሠራበት ባንክ መጥተዋል። በሦስቱም ቀን ያገኙት ያንኑ መስኮት፣ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ሁለት ቃል ነው። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ጥበቃውን «‹ሲስተም የለም› ዛሬ ገብቷል?» ብለው ጠይቀውት ኖሯል፤ ጥበቃው ነግሮን በቡና ሰዓት ስቀንበታል። ገንዘቡ አሜሪካ ያለው ልጃቸው የላከው፣ ሕፃኗን አዲስ አበባ ለሐኪም ለማድረስ የታሰበ ነበር። በአራተኛው ቀን ወሰዱ።

«ቀጠሮዋ መቼ ነው እናቴ?» አልኳቸው።

«ከትናንት ወዲያ ነበር።»

በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምጽፈው ራሴን በአደባባይ ገርፌ ለመመስገን አይደለም። እነዚያን ሁለት ቃላት የምንናገረው በሺዎች የምንቆጠር ስለሆንን፣ ከመልመዳችንም የተነሣ ትርጉማቸውን መስማት ስላቆምን ነው።

እስቲ ሐረጉን እንመርምረው። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ የሚመለሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማኅተም ያዡ አልገባም»፣ «መዝገብ ቤቷ ወልዳለች» እየተባለ ነበር። ሰበብ ናቸው፤ አልክድም። ሆኖም በእያንዳንዱ ሰበብ ውስጥ ሰው ነበረበት። ስብሰባው ያልቃል፣ ማኅተም ያዡ ነገ ይገባል፣ ወላዷም ከአራስ ቤት ትወጣለች። ባለጉዳዩ የሚያኮርፈው ሰው፣ የሚማጠነው ሰው ነበረው። «ሲስተም የለም» በሚለው ውስጥ ግን ማንም የለም። የሄደው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚጠራው አይታወቅም። እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ፣ እንደ ድርቅ የማይጠየቅ ነገር ሆኗል።

አሁን ደግሞ ባዕዱን ቃል አውጥተን የራሳችንን እናስገባበት። የሲስተም አማርኛው ሥርዓት ነው። ሥርዓት፣ ከግዕዙ «ሠርዐ» የተገኘ፣ የመደንገግና የማደላደል ቃል ነው። ሥርዓተ ቅዳሴ እንላለን፤ ሥርዓተ መንግሥት እንላለን፤ ሥርዓተ ነጥብ እንላለን። እናቶቻችን እንግዳ ፊት የሚያስቸግር ልጅ ሲያዩ «ሥርዓት ያዝ!» ይላሉ፤ ካልሰማም «ሥርዓት የለውም» ብለው ያዝኑበታል። እንግዲህ በየመስኮቱ ቀኑን ሙሉ የምንደጋግመው ምን መሆኑን ልብ በሉ፦ «ሥርዓት የለም።» ይህ ሰበብ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ልዩነቱ፣ ተናዛዡ ምን እያለ እንደሆነ አለማወቁ ብቻ ነው።

በእነዚያ ሦስት ቀናት እኔ ምን አደረግሁ? ግንኙነቱ የተቋረጠው በእኔ ጥፋት አይደለም፤ ገመድ መቀጠል ሙያዬ አይደለም። ነገር ግን ብልሽቱ መቼ ሊጠገን እንደሚችል ደውዬ አልጠየቅሁም። የእናቲቱን ስልክ ቁጥር አልመዘገብሁም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ከኢታንግ ሳይነሱ «ዛሬ አይምጡ፤ ሲስተካከል እደውላለሁ» ማለት እችል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ በእርሱ ኳስ እያየሁበት ነበር። ስለዚህ ከማዕከል የጠፋው ሲስተም አንድ ሲሆን፣ እዚያው መስኮቱ ላይ የጠፋው ሥርዓት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ቴክኒሺያን ይጠግነዋል። ሁለተኛውን ማን ይጠግነው?

«ቴክኖሎጂ ባህላችንን አበላሸው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ቴክኖሎጂ አዲስ አመል አላመጣብንም፤ ለነባሩ አመላችን አዲስ ኮት ሰፋለት እንጂ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተጋባ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ሥራ ሲጀምር፣ መሣሪያው ሲገባ ኃላፊነቱም አብሮ የሚገባ የመሰላቸውም ተሳስተዋል። መሣሪያ በካርቶን ይመጣል። ኃላፊነት በካርቶን አይመጣም።

ይህች ከተማ ለዚህ ምስክር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ከሌተና ኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ከ2000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ፊት፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያነት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጠ። ጋምቤላ እንዲህ ተቆረቆረች። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ እስክትወጣ ድረስም የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተው የመጀመሪያው ባንካችን፣ ባንክ ኦፍ አቢሲኒያ፣ እዚህ ወኪል ቢሮ ነበረው። በአንድ ሙያ ብንቆጠርም፣ የዚያ ቢሮ ጸሐፊ ኮምፒውተር ቀርቶ የረባ መብራት እንኳ ያልነበረው ሰው ነው።

የዚያ ዘመን «ሲስተም» ባሮ ነበር። ወንዙ መርከብ የሚሸከመው በክረምቱ ወራት ነው፤ በበጋ ይጎድላል፣ መርከብም አይመጣም። ታዲያ ነጋዴው በጥር ወር ወደቡ ላይ ቆሞ «ወንዝ የለም» እያለ ደንበኛ ሲመልስ አልኖረም። ወንዙ እንደሚጎድል ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ቡናውን ውሃው ለሚሞላበት ወቅት ያሰናዳል። የእኛም ግንኙነት እንደሚቋረጥ እናውቃለን፤ ትናንት ተቋርጧል፣ ነገም ይቋረጣል። የሚመጣውን እያወቀ በመጣ ቁጥር የሚደነቅ ሰው ተቸገረ አይባልም፤ አልተዘጋጀም እንጂ።

ወደ መቆያው ክፍል ልመልሳችሁ። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ እናቲቱ ወደ መስኮቱ አየት አድርገው «የዚህኛው ሲስተም አለ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ይሁንና ያ አውሮፕላን የሚበርረው የማይበላሽ ስለሆነ አይደለም፤ የሚበላሽ መሆኑን አምነው የሚያስተዳድሩት ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ የመንገደኛ አውሮፕላን የቴክኒክ መዝገብ አለው። አብራሪው ያየውን ጉድለት ይጽፋል፤ የጥገና ባለሙያው ያደረገውን ጽፎ በስሙ ይፈርማል። ጥገናው ለሌላ ቀን ሊተላለፍ የሚችል ጉድለት እንኳ ቢሆን፣ በዝርዝር የተፈቀደና የጊዜ ገደብ የተቆረጠለት መሆን አለበት። በአየር ላይ ብልሽት ባለቤት አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። በምድር ላይ፣ በእኛ መስኮት፣ ብልሽት ወላጅ አልባ ነው።

ይህ የእኛ የድህነት ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ እንግሊዝ አገር ይመልከት። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሆራይዘን» የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሥርዓቱ ስህተት ነበረበት፤ ያልጎደለ ገንዘብ ጎድሏል ይል ነበር። የየመንደሩ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች «እኛ አልወሰድንም፣ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል» ቢሉ ሰሚ አጡ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ፣ የከሰሩ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 የሥርዓቱን ስህተት በግልጽ ተናገረ፤ ፓርላማውም በ2024 በአዋጅ ፍርዶቹን ሰረዘ። እዚያ «ሲስተም አይሳሳትም» ተብሎ ንጹሕ ሰው ታሰረ። እዚህ «ሲስተም የለም» ተብሎ ባለጉዳይ ይመለሳል። ቃሉ ተቃራኒ ይምሰል እንጂ ጣዖቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም አገር ሰው ከማሽኑ ኋላ ተደብቋል።

የቅርቡንም እናስታውስ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰ የሥርዓት ብልሽት፣ ለጥቂት ሰዓታት ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ፤ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለጠፈ። የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ አልከራከርም። ሆኖም ያን ሰሞን ፎቶግራፎቹን እያየሁ አንድ ነገር አሰብሁ፦ ማሽን ሲሳሳት የሚለጠፍ ፊት የለውም። ፊት ያለው ሁልጊዜ ደንበኛው ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «የደንበኛው ቀሪ ሒሳብ ያለው በማዕከል ነው። ሳናይ እንክፈል? ወረቀት ከተመለሰ ማጭበርበር ይመለሳል።» ትክክል ናቸው፤ እኔም በሒሳብ አያያዝ የተመረቅሁ ሰው ነኝ፣ ሳይታይ ይከፈል አልልም። ነገር ግን «መክፈል አልችልም» እና «ምንም ማድረግ አልችልም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የማሽን ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። መቆጣት ሲገባን በራሳችን ዝግጁ አለመሆን እንደ መቆጣት፣ መልስ የማይሰጠውን ማሽን እንወቅሳለን።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይፈልግም። በየመስኮቱ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ግንኙነት በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱ፣ ለማን እንደተነገረ፣ ምን መልስ እንደተገኘ ይጻፍበት፤ የጻፈውም በስሙና በቲተሩ ይፈርምበት። በር ላይ ለባለጉዳዩ በሚነበብ ፊደል፣ በአማርኛም በኑዌርኛም በአኙዋክኛም ይለጠፍ። ከሩቅ የመጣ ሰው ስልኩ ተመዝግቦ ሲስተካከል ይደወልለት። ለሕክምና የሚወጣ ገንዘብ ቅድሚያ ይሰጠው። የበላዮቻችንም ደብተሩን በወር አንድ ጊዜ ገልጠው፣ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደተመላለሰ ይቁጠሩ። ያልተቆጠረ በደል አይታረምም።

ከሁሉ በፊት ግን ሐረጉን እንተወው። በምትኩ «ዛሬ ላገለግልዎ አልቻልሁም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ስሜ እገሌ ነው» እንበል። ይከብዳል። የሚከብደውም ሰው ስላለበት ነው።

ወደ አውሮፕላኑ ስንሄድ የእናቲቱን ሻንጣ ያዝሁላቸው፤ ሕፃኗ በትከሻቸው ላይ እንደተኛች ነበረች። ደረጃው ሥር ስሜን ነገርኳቸው፣ እናትና አባቴ ያወጡልኝን። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሲሰናበቱኝ ግን የጠሩኝ በቀድሞው ነው። አልፈርድባቸውም። ስም በመናገር አይለወጥም። ከመቀመጫዬ ስደርስ ይህችን በመሳፈሪያ ወረቀቴ ጀርባ ጻፍኳት፦

ወንዙ ጎደለና መርከቡ ቢቆምም፣
ቀኑን ያልቆጠረ ነጋዴ አልነበረም።
ገመድ ተቆረጠ፣ ማሽኑም ደከመ፣
እኔ ምን ሆኜ ነው አፌ የታመመ?
እናቴ፣ ይቅርታ፣ ስሜንም ይመልሱ፤
ሥርዓት ነው የሌለኝ፣ ሲስተምን አይክሰሱ።