ርእሰ አንቀጽ፦ የብስክሌቱ ጉዞ እስከ የት ይሁን?

ሰሞኑን በምግብ አዳራሹ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይና በመኝታ ክፍሎቻችን ከፈተና ይልቅ አብዝቶ የሚወራው ስለ ብስክሌቱ ጉዞ ነው። የኅብረታችን የስፖርት ክፍል፣ በአንድ ቀን፣ ሁላችንም በአንድነት ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ሐዋሳ እንግባ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ስሙን ያስመዘገበውም ተማሪ ከተገመተው በላይ ሆኗል። ከአራቱም ማዕዘን መጥተን በአንድ ግቢ እየኖርን፣ ከክርክር በቀር አንድ ላይ የምንሠራው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ሐሳቡን ላመነጩት ወንድሞች ምስጋና ይገባቸዋል።

እኛ በበኩላችን ጉዞው ይደረግ ከሚሉት ወገን ነን፤ ሐዋሳ ይሁን ከሚሉት ወገን ግን አይደለንም። ይህን ስንል ፈሪዎች የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይበሉን፤ ነገር ግን አስቀድመው ከዚህ በታች ያለውን ሒሳብ ከእኛ ጋር ይሥሩ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ወጥታ ማታ በ12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ይኸውም 12 ሰዓት እንኳ የማይሞላ ብርሃን ነው። ፍጥነቱንስ ስንት እንበለው? በግቢያችን ያሉት ብስክሌቶች አብዛኞቹ ከባዶች ናቸው፤ ማርሽ የሌላቸው አሉ፤ ማርሽ ኖሯቸው የማይታዘዛቸው ደግሞ ይበዛሉ። እንዲህ ባለ ብስክሌት፣ ከብዙ ሰው ጋር እየተጠባበቀ፣ ቀኑን ሙሉ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የያዘ ሰው ጎበዝ ነው። 275ን ለ18 ስናካፍል 15 ሰዓት ከሩብ ያህል ፔዳል መርገጥ ይሆናል። ለምሳ፣ ለውኃ፣ ለተነፈሰ ጎማና ከቁጥቋጦ ኋላ ለመቆም ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ እንጨምር። ፀሐይ ስትወጣ የተነሣው ተጓዥ ሐዋሳ የሚገባው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

«እንግዲያስ በሌሊት እንነሣ» የሚል መልስ ተሰጥቶናል። በሌሊቱ 10 ሰዓት ብንነሣ የምናተርፈው ሁለት ሰዓት ነው፤ የጎደለን ግን ስድስት ነው። ደግሞስ እነዚያ ሁለት ሰዓታት የትኞቹ ናቸው? በቃሊቲና በአቃቂ መውጫ በጨለማ ከጭነት መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ የምንጋፋባቸው ናቸው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት አይፈቀድም፤ ስለዚህ መሄጃችን ዱከምንና ቢሾፍቱን አቋርጦ ሞጆ የሚያደርሰው አሮጌው መንገድ ነው። ማታም ቢሆን ያው ጨለማ ከአርሲ ነገሌ ወዲያ፣ ሰውነት በደከመበትና ዓይን በፈዘዘበት ጊዜ ይጠብቀናል። ስማቸውን ካስመዘገቡት መካከል በብስክሌቱ የኋላ መብራት ያለው ስንቱ እንደሆነ መጠየቅ አሁን ነው እንጂ ሻሸመኔ መግቢያ ላይ አይደለም። ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔ ይደረግ የሚሉም አሉ፤ በአገራችን ሰኔ ከኅዳር የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ብርሃን ነው፤ ዝናሙን ግን ሙሉ በሙሉ ያመጣል።

በአንድ ቀን ረጅም መንገድ በኅብረት መንዳት እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897፣ በጁን ወር፣ አሥራ ሁለት ኢጣሊያውያን ፀሐይ ሳትጠልቅባቸው ከሮማ ኔፕልስ ለመግባት ተነሡ። መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ነበር። በላቲን ደፋር ማለት የሆነው «አውዳክስ» የሚለው ቃል የረጅም ብስክሌት ጉዞ መጠሪያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። እነዚህ ደፋሮች የተባሉት ሰዎች በዚያ ወር 15 ሰዓት ያህል ብርሃን ነበራቸው። እኛ ከነሱ 45 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሦስት ሰዓት በሚያንስ ብርሃን ልንሄድ ማሰባችን ነው። የአገራችንም ብስክሌተኞች በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተሰልፈው ነበር። የዚያ ዓመት የጎዳና ውድድር ርዝመቱ ከ187 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ አሸናፊው ኢጣሊያዊ ኤርኮሌ ባልዲኒ በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨርሶታል። ሐዋሳ ያንን ውድድር አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። ያውም እነዚያ ለዚሁ የሠለጠኑ፣ ቀላል ብስክሌት የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ዓርብ ማታ ጽሑፍ አስረክበን ቅዳሜ የምንነሣ ነን።

የመንገዱንም ጠባይ ማወቅ ይበጃል። ከአዲስ አበባ ስንወጣ መሬቱ ይረዳናል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥተን ቆቃ ስንደርስ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ እንሆናለን። ይህ ቁልቁለት ብዙ ሰው ያታልላል። ጠዋት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበት አለ፤ ሁሉም የዓለም ሻምፒዮን ይመስለዋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ፀሐይዋ ትከርራለች፤ መቂ ሲደረስ የጠዋቱ ጨዋታ ይቀንሳል። ቡልቡላንና የላንጋኖን መታጠፊያ ካለፍን በኋላ፣ 200 ኪሎ ሜትር ከእግራችን ሥር ካለፈ በኋላ ማለት ነው፣ መንገዱ እንደገና ሽቅብ ይላል፤ አርሲ ነገሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የሐዋሳ ጉዞ ትልቁን ዳገቱን የሚያመጣው እግር ባለቀበት ሰዓት ነው። በአውቶቡስ ስናልፈው ሳናየው የምናልፈው ዳገት በብስክሌት ሌላ ፍጥረት ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ዝዋይ ነው፤ ዛሬ ባቱ የምትባለው ማለታችን ነው። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው በ18 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ለዕረፍት ብንሰጥ ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐይቁ ዳር እንደርሳለን፤ ለክፉ ቀን ደግሞ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል በእጃችን ይቀራል። የተጠበሰ ቆሮሶም እዚያው ነው። 160 ኪሎ ሜትር የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ወንድም ካለ፣ ከመናገሩ በፊት ግማሹን ሄዶ ይመለስ።

አስታራቂ ሐሳብ ያቀረቡም አሉ፤ የደከመው ዝዋይ ይቅር፣ የበረታው ሐዋሳ ይቀጥል የሚል። ሲሰማ ፍርድ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ኅብረቱ ሊከራይ የሚችለው ፒክ አፕ አንድ ብቻ ነው። ያ ፒክ አፕ ውኃውን፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑንና ብስክሌቱ የተሰበረበትን ሰው ይይዛል። ጉዞው ለሁለት ሲከፈል መኪናው ከማን ጋር ይሂድ? ከፊተኞቹ ጋር ከሄደ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ኋላ ይቀራሉ፤ ከኋለኞቹ ጋር ከቀረ ስምንት ወይም ዐሥር ተማሪዎች በጨለማ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። የሁለቱም ጥፋት በኅብረቱ ስም ይጻፋል። የመኪናው ኪራይና ቤንዚን የሚከፈለው ከሁሉም አባል በተዋጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ ሁሉም ሊሄድበት የሚችል መንገድ መምረጥ ግዴታ ነው እንጂ ልግስና አይደለም። ሐዋሳ ካልን፣ ጥቂት ፈጣኖች ይጋልባሉ፤ የቀረው ተማሪ ዕቃ ሆኖ በፒክ አፕ ይጫናል።

ፍጥነትን በሚመለከት ፈረንሳዮችም በዚሁ ነገር ተጣልተዋል። በቀድሞው የአውዳክስ ሥርዓት ሁሉም በአንድ ቡድን ይሄዳል፤ የመንገድ አለቃ አለው፤ አለቃውን ማንም አይቀድምም። እ.ኤ.አ. በ1921 የፓሪሱ ክለብ ከዚህ ሥርዓት ተለይቶ እያንዳንዱ በመሰለው ፍጥነት የሚሄድበትን ጉዞ ጀመረ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ውበት አላቸው። ለእኛ የሚስማማው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ተጓዡ እየተበታተነ ሲሄድ የሚጠብቀው ስለሌለን ነው። ከኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ነፋሱን የፊተኛው ስለሚሰብርለት ድካሙ እጅግ ይቀንስለታል። ከቀትር በኋላ በመቂ ሜዳ ነፋስ ቢነሣ ብርቱው ከፊት እየተተካካ ሲመራ ደካማውም ይደርሳል፤ ብርቱው አምልጦ ከሄደ ግን ሁለቱም ለየብቻቸው ከነፋስ ጋር ይታገላሉ።

የፊት አለቃ ከፈጣኖቹ መካከል አይመረጥ እንላለን። መካከለኛ ጉልበት ያለው፣ ሰዓት የሚያይና ስድብ የሚችል ሰው ይሁን። የኋላ አለቃ ደግሞ ከመምህራን አንዱ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ከመምህሩ ኋላ ለመቅረት የሚደፍር ተማሪ አይኖርምና። አርባ ሰው በአንድ ሰልፍ ከሄደ መኪና ማለፊያ ስለሚያጣ ስምንት ስምንት ሆነን፣ በመካከላችን ክፍተት እየተውን፣ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ አንድ በአንድ ተከታትለን እንሂድ።

ቀኑን በሚመለከት ከኅዳር 15 በፊት ያለ ቅዳሜ እንዲመረጥ እናሳስባለን። ከዚያ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ የጾመ ሰው 160 ኪሎ ሜትር ይሂድ ማለት አይገባም። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ወደፊት ለሚደረጉ ጉዞዎች ይህም ይታሰብ። ቅዳሜ ያልነው እሑድ ቅዳሴ ላለበት፣ ለመመለሻም አንድ ቀን እንዲቀር ነው። የመንገዱ ጸጥታ በጉዞው ሳምንት ከየከተማው ይጠየቅ፤ ካልተመቸ ማንም ሳያኮርፍ ቀኑ ይዛወር።

ስለ ስንቅ ብዙ መራቀቅ አያሻም። ጉልበት ሳያልቅ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት ነው፤ በሶ፣ ጩኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይበቃል። ውኃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እንዳያንስ። ጥሬ ሥጋ ሞጆ ላይ ቆሞ ለመብላት ያሰቡ እንዳሉ ሰምተናል፤ እባካችሁ ሲመለሱ ይሁን።

ብስክሌት የሌለው ተማሪ ከጉዞው መውጣት የለበትም። ሁለት ያለው አንዱን ያውስ፤ መምህራኖቻችንም በየጋራዣቸው የቆመ ካለ ያስታውሱን። በሰዓት ከሚከራዩት መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን እነዚያ ሜዳ ለመዞር እንጂ ለዚህ መንገድ ስላልተዘጋጁ ፍሬናቸውና ጎማቸው አስቀድሞ ይመርመር። ሞጆና መቂ ጎሚስታ አይጠፋም፤ በመካከሉ ግን መለጠፊያና መንፊያ የያዘ ሰው በየስምንቱ ቡድን መኖር አለበት። ለእኅቶቻችን የተለየ አጭር ጉዞ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብም ደርሶናል። እኅቶቻችን ይህን አልጠየቁም፤ ስማቸውን ያስመዘገቡት ለዚሁ ጉዞ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሙከራ ጉዞ ይደረግ። ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መመለሻው ዳገት ስለሆነ ሰውንም ብስክሌትንም ይፈትናል። ይህን ያልሄደ፣ ፈጣን ነኝ ቢልም እንኳ፣ በዋናው ጉዞ ስሙ አይጻፍ። የጂኦግራፊ ተማሪዎች የመንገዱን ከፍታ የሚያሳይ ንድፍ፣ የሕክምና ተማሪዎች የርዳታውን ሣጥን እንዲያዘጋጁ እንጠይቃለን፤ ዝዋይ ላይ ለማደሪያ የሚሆን የትምህርት ቤት አዳራሽ ለመጠየቅ የኅብረቱ ጸሐፊ ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት ይጻፍ። ሐዋሳ ካልገባን የሚሉት ወንድሞች እሑድ ጠዋት አንቀላፍተው ከተነሡ በኋላ የቀረችውን 115 ኪሎ ሜትር ቢቀጥሉ የሚከለክላቸው የለም፤ ፒክ አፑ ግን የሌሎቹን ብስክሌት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።