ኤሲ አለው፣ ምድጃ የለውም

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አፓርታማ ልታይ ስትሄድ «ጋሼ፣ ያንተ ዓይን አያልፈውም» ብላ ይዛኝ ወጣች። ከረባቱን ያጠበቀ ልጅ እግር ሻጭ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተቀበለን። ወለሉ ያብረቀርቃል። መስኮቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ዝናቡም እንደ ጉድ ይወርድበታል። ልጁ ሪሞቱን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ሳጥን አነጣጠረና «ኤሲ አለው» አለ፣ ኮራ ብሎ። ሌላው እጁ ግን ከጃኬቱ ኪስ አልወጣም። «ያሞቃል?» አልኩት። «አይ፣ የሚያቀዘቅዝ ብቻ ነው።» «ታዲያ በክረምት ቤቱን ምን ያሞቀዋል?» ቀልድ መሰለው። «ጋሼ፣ መቼም ጋቢ አይጠፋም!»

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ሰዎች ከዚህ በኋላ የምለውን ታውቁታላችሁ። ብታውቁትም እላለሁ። ይህችን ከተማ የሚሠሯት ሰዎች ክረምት እንዳላት አልሰሙም። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠች፣ ሰኔ ሲገባ ካፖርት ለምታወጣ ከተማ ማቀዝቀዣ ይሰቅላሉ። ፕላኑ ከዱባይ፣ ብርዱ ከእንጦጦ።

ከዝግጅት ክፍል ባልደረቦቼ አንዱ ይህን በጻፍኩ ቁጥር ቴርሞሜትር ይዞ ይመጣብኛል። «ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው እንጂ በሐምሌ አይደለም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፣ ደመና ሲኖር አይሄድም። ግን በኅዳር ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ደጅህ ላይ ናት። በሐምሌ የለችም። የታጠበ ካልሲ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ አንሶላው ሲገቡበት ውሃ ውሃ ይላል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ቴርሞሜትር ካልሲ አያደርግም።

ሰኔ ሚካኤል ካለፈ ወዲህ ሰማዩ አልተከፈተም። እኔም ሰኞ ማታ የዓመቱን የመጀመሪያ እሳት አነደድኩ። ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ሳሎናችን ጥግ ላይ ከበርሜል የተቆረጠ ምድጃ አለ። ያሠራሁት ምናለሽ ተራ ነው። በያጁ «ፋዘር፣ ምን ሊጋግሩበት ነው?» ሲለኝ፣ ምንም፣ ቁጭ ብዬ ልሞቀው ነው አልኩት፤ ረዳቱን ጠቀሰው። ከመስኮቱ አንዱ መስታወት ወልቆ በምትኩ ቆርቆሮ ገብቷል፣ ቱቦው በዚያ በኩል ይወጣል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ያ በርሜል» ነው የምትለው፤ ወንበሯ ግን በየክረምቱ ወደ በርሜሉ ጠጋ፣ ጠጋ ይላል።

የመጀመሪያው እሳት እንደ ሌላው እሳት አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ሥራ የፈታ ቱቦ ቀዝቅዟል፣ ውስጡ ያለው አየርም ከብዷል። ዝም ብለህ ከታች ብትለኩስ ጭሱ የሚመጣው ወደ ሳሎን ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ክርኑ ይፈታና ይራገፋል፤ ዘንድሮ ከጥላሸቱ ጋር ወፍ ያከማቸችው ደረቅ ሣር ወጣ። ከዚያ አንድ ገጽ ጋዜጣ ጨምድደህ ከቱቦው ሥር ብቻውን ታነደዋለህ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መሳብ ከጀመረ ቱቦው ሞቋል፣ ከዚህ በኋላ ያንተ ነው። ጋዜጣችን ለዚህ ሥራ ወደር እንደሌለው ሳልመሰክር አላልፍም። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ይጠቁራል እንጂ አይነድም። ሰኞ እጄ ላይ የገባው ገጽ የራሴው ዓምድ ሆኖ ተገኘ፤ በኑሮ ውድነት ላይ የጻፍኩት ነበር፣ ጥሩ ነደደ።

ከዚያ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ ቀጫጭን ፍልጥ፣ አየር እንዲያልፍበት እየተጠላለፈ። ወፍራሙን ለመጨመር የሚቸኩል ሰው እሳቱን ያፍነዋል። ይህ ሁሉ ግን የሰኔ ሥራ ነው፤ ትልቁ ሥራ በየካቲት አልቋል። እንጨት በበጋ ይገዛና ክፈፉ ሥር ተደርድሮ ነፋስ ሲመታው ይሰነብታል። በሰኔ «ደረቅ ነው ጋሼ፣ እመኑኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሁለት ፍልጥ አንሥተህ አጋጭ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ እርጥቡ ድም ብሎ ዝም ነው። እርጥቡን እሳት ውስጥ ብትከተው በጫፉ አረፋ እየደፈቀ ያፏጫል፤ ሙቀቱ ሁሉ የራሱን ውሃ በማትነን ያልቅና ላንተ ጭስና ዕንባ ይተርፍሃል። እሳት በፌስታል ስለሚያያይዙ ሰዎች ምንም አስተያየት የለኝም። ቢኖረኝ እንኳ ጋዜጣው አያትመውም።

የጭስ ማውጫ የማይሠሩት ሰዎች ማውጫ ከሌለ እሳትም አይኖርም ብለው ያስባሉ መሰለኝ። ይኖራል። ሰው ሲበርደው ከሰል ያያይዛል። በረንዳ ላይ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል። መስኮቱ ዘመናዊ ስለሆነ ነፋስ አያሾልክም፤ በሩም ግጥም ይላል። ጭስ የለም፣ እንግዲህ አደጋም የለም ብሎ ይተኛል። ጭስ እኮ ቢያንስ ጨዋ ነው፤ ሳያስነጥስና ሳያስለቅስ አይገባም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይጫጫነዋል፣ እንቅልፍ ይመስለዋል። «በከሰል ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ» የሚል ዜና ስናነብ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሟቹ ነው። ለምን አስገባው? ይባላል። ቤቱን መተንፈሻ ነሥቶ የሠራው ሰው ስሙ አይነሣም። እኛም ያደግነው ከሰል በሚነድበት ቤት ነው፤ ብዙዎቻችንን ያተረፈን ብልሃታችን አልነበረም፣ በራችን ስለማይገጥም ነው።

«አሁንማ ግድቡ አለ፣ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግዛ» የሚሉኝም አሉ። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ እንደ ሁላችሁም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከጉባ እስከ እኔ ሳሎን መንገዱ ረጅም ነው፤ በኛ ሰፈር ነጎድጓዱ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ መብራቱ ይሄዳል። በርሜሌ ነጎድጓድ አይፈራም።

በርሜሌ የሚበላው ባሕር ዛፍ ነው። ይኸው፣ ወደ አሮጌው ጠብ ገባን። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም የሚሉት ሰዎች ካለቦታው ለተተከለው ልክ ናቸው፤ ምንጭ አናት ላይ ትከሉ ያለ ግን የለም። ምስጋና ቢስ አንሁን ነው የምለው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ዘንድ ከተማ ከቆረቆሩ ብዙም ሳይቆይ ማገዶ እየራቀ ሄደ። የጥንቱ መፍትሔ የታወቀ ነበር፤ ዛፍ ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ መሄድ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ ቤተ መንግሥት መሠራት ጀምሮ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው ነገሩን የለወጠው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማዋ ባለችበት ጸናች፣ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ባሕር ዛፍን የሚረግሙት ሰዎች የሚኖሩበት ፎቅ ሲገነባ ግንበኞቹ የወጡበት መወጣጫ ምን መሰላቸው?

ይህን ስጽፍ ሽሮ ሜዳን ቁልቁል ሲወርዱ የማያቸው እናቶች ትዝ አሉኝ። ጎንበስ ብለው፣ ከትከሻቸው ወዲያና ወዲህ የሚተርፍ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው፣ መኪናው እንዳይነካቸው ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ነው የሚሄዱት። ስለ እሳት ደስታ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱን ያልተሸከመ ሰው ነው። እናቴም ብትሆን ማገዶን ስታመሰግን አልሰማኋትም። የክረምት የመጀመሪያው እሳት ለእሷ ጨለማ ወጥ ቤት፣ እርጥብ እንጨት፣ ጉልበቷ መሬት ነክቶ እፍ ማለትና የቀላ ዓይን ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታችን የገባ ዕለት እልል አለች፤ ጎረቤት ልጅ የተዳረ መስሎት መጣ። በዚህ ላይ ከእሷ ጋር አልከራከርም። ወጥ ቤቱን ለኤሌክትሪክ ለቅቄአለሁ፤ ጠቤ በሳሎኑ ነው።

አርክቴክቶች፣ አንድ ጉዳይ ብቻ ልለምናችሁ፦ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በርሜል ፍቀዱልኝ አላልኩም፤ ሁሉም ቢያነድ ከተማው እንደማይቻል ይገባኛል። መኝታ ቤቱ ግን አየር ይውጣበት፣ ይግባበት። የሳሎኑንም መስኮት ከውጭ ሲታይ ለማማሩ ብቻ ሳይሆን ውስጥ ለሚቀመጠው ሰው አስባችሁ ሥሩት። ኤሲውን ለሰመራ ላኩት፣ እዚያ ይመርቋችኋል።

የባሕር ዛፍ ጠላቶች ደግሞ እንደ ልማዳችሁ ደብዳቤ መላካችሁ አይቀርም። በኢሜይል አይሁን። በወረቀት፣ ከተቻለም ረዘም አድርጋችሁ፤ ክረምቱ ገና መግባቱ ነው።