የቤተ ሰብ ምክር፤ ስለ ድንገተኛ ጎርፍና ስለ መብረቅ

የክረምት ዝናም ለገበሬ በረከት ለምድርም ልብስ ነው። ነገር ግን ሰው ጠባዩን ሳያውቅ ሲዳፈረው በረከቱ ወደ ኀዘን ይለወጣል። ስለዚህ የቤተ ሰብ አባትና እናት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ ስለ ጎርፍና ስለ መብረቅ ጥቂት ቃል እናቀርብላችኋለን።

አስቀድመን የድሬዳዋን ነገር እናስታውስ። በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ቀን ሌሊት ግን በሐረርጌ ደጋ የወረደው ዝናም ተጠራቅሞ ወንዙን ሞላው፤ ሰውም በተኛበት ደረሰበት። ከ200 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ። እንግዲህ ጎርፍ ይመጣ ዘንድ በራሳችን ላይ መዝነብ እንደማያስፈልገው ከዚህ እንረዳለን። ሰማዩ ከበላያችን ጠርቶ ሳለ በራስጌው ያለው ተራራ ጠቍሮ ቢታይ፤ ውሃው ድንገት ቢደፈርስ፤ ቅጠልና ግንድ ይዞ ቢወርድ፤ ከላይም የጕርምርምታ ድምፅ ቢሰማ፤ ዕቃ ሳይሰበስቡ ልጆችን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል።

እኔ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማመልከቻ ስመዘግብ «በወንዝ ሙላት ሞተ» የሚል ቃል አጋጥሞኛል። ሟቹ መሻገሪያውን ለብዙ ዘመን ተመላልሶበት ያውቀው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ገበያው እንዳይፈታበት ቸኰለ። ሙላቱ እስኪጐድል ጥቂት ሰዓት ቢታገሥ ኖሮ ሚስቱ ከፊቴ ቆማ ባላለቀሰች ነበር። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» መባሉ በከንቱ አይደለም። በኃይል የሚወርድ ውሃ ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ሰውን ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን አውቶሞቢል ይወስዳል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይግባኝ አለው፤ ጎርፍ ግን ይግባኝ የለውም።

ስለ መብረቅም እንዲህ ነው። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ የነጐድጓዱ ድምፅ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታውን ባያችሁ ጊዜ ቍጠሩ፤ 30 ሳይሞላ ነጐድጓዱ ከተሰማ አደጋው ቅርብ ነውና ወደ ጽኑ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት ወደ ሆነ አውቶሞቢል ግቡ። በሜዳ ላይ ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ሞትን መጥራት ነው። እረኞች ልጆቻችሁንም ይህን አስተምሯቸው፤ ከኮረብታ ራስና ከሽቦ አጥር ይራቁ። በቤት ውስጥም ከኤሌክትሪክ ሽቦ፤ ከውሃ ቧንቧና ከደጃፍ ራቁ። ከመጨረሻው ነጐድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

በመብረቅ የተመታውን ሰው መንካት የሚፈሩ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በገላው ላይ የሚቀር የኤሌክትሪክ ኃይል የለም። እስትንፋሱ ቢቆም የሚያውቅ ሰው ደረቱን እየተጫነ እስትንፋስ ይስጠው፤ ፈጥኖም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ይህን ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ የምትሸሹበትንም ከፍታ ከወዲሁ በቀን ብርሃን አሳዩዋቸው።