የሐጂ ድምፅ ሲቆራረጥ እኛ ወሰንን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮሚቴ ስብሰባ ነው። ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ገንዘብና የልጆች ክረምት የባከነበት ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የአንበሳሜ ልጆች ዛሬ አንድ ቦታ አይደለንም። ገሚሱ እዚያው ደራ ነው፤ ገሚሱ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ፣ ሌላው ጅዳና ሪያድ፣ ሌላው ደግሞ አሜሪካ ነው። ለመድረሳው ሁለት ክፍል እንሥራ ብለን ስንነሳ ኮሚቴው ከዚህ ሁሉ ተውጣጣ። ስብሰባችን በስልክ ካልሆነ በምን ይሆናል?

አንድ ምሽት በዙም ተገናኘን። አጀንዳው ግድግዳው ስላለቀ የጣሪያ ቆርቆሮ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ነበር። ሥራውን በቦታው የሚከታተሉት አባታችን ከአንበሳሜ ገቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። «ሐጂ፣ አይሰማም፣ ማይኩን ይዝጉት» ተባሉ። በነጻ የሚሰጠው ዙም ደግሞ 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው አለ?» አለ። ዝም ተባለ። «እንግዲያው ተስማምተናል» አለና ስብሰባው አለቀ። ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ።

ቆርቆሮው ከባሕር ዳር ተጭኖ በሐሙሲት በኩል አንበሳሜ ገባ። በሳምንቱ ስደውልላቸው ነው ሐጂ ሊሉን የነበረውን የነገሩኝ። ግንበኛው በአንዱ ማዕዘን በኩል መሠረቱ መስመጡን አይቷል፤ ጣሪያ ከመጫኑ በፊት እሱ መጠገን ነበረበት። ገንዘቡ ግን ቆርቆሮው ላይ አልቋል። ክረምቱ ገባ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው ሰው ቤት ተደርድሮ ከረመ።

«የኔትወርክ ችግር ነው» ብለን አለፍነው። እኔ ግን አሁን ሳስበው ጥፋቱ የኔትወርኩ ብቻ አይመስለኝም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ሐጂ ስብሰባ መግባት እንደማይችሉ ስለምናውቅ፣ መደበኛው ስልክ በሠራ ቀን አንድ ሰው ይደውልላቸዋል፣ ያሉትን ይጽፋል፣ ለሌሎቻችን ያነብልናል። ቃላቸው አንድም አይጠፋም ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ስማቸው ስክሪን ላይ ታየና «ገብተዋል» ብለን ተውናቸው። መግባትና መሰማት ለየቅል መሆናቸውን ዘነጋን።

የእድር ስብሰባን አስቡት። ስም ይጠራል፣ «አለሁ» ይባላል፣ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ አርፍዶ የመጣ ይቀጣል። በስልክ ስንሰበሰብ ግን ይህን ሁሉ ጥለን፣ ኔትወርኩ የተሻለው ሰው ብቻ ያወራል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ያለው፣ ገንዘብም የሚልከው ነው። የአሸዋውን ዋጋና የመሠረቱን ሁኔታ የሚያውቀው ደግሞ ድምፁ የሚቆራረጠው ነው። ስለዚህ የኔ ሐሳብ አንድ ነው፦ ስብሰባችንን ኔትወርኩ በጣም ደካማ ለሆነው ሰው እንዲመች አድርገን እንሥራው።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? አጀንዳው ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ይላክ። በቦታው ያለው ሰው ሐሳቡን በድምፅ ቀርጾ አስቀድሞ ይላክልን፤ ኔትወርክ ባገኘ ሰዓት ይሄድለታል፣ እኛም ደጋግመን እንሰማዋለን። ስብሰባው የሚጀመረው እሱን በማዳመጥ ይሁን። ቪዲዮ ይቅር፤ ድምፅ ይበቃል።

ሰዓቱም ተለይቶ ይጻፍ። «3 ሰዓት» ብለን ጽፈን ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን በሱ 3 ሰዓት ብሎ አንድ ሰዓት አርፍዶ ገባ። የኛ ማታ 3 ሰዓት ጅዳም ያው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ይሉታል እንጂ። ዋሽንግተን ግን በበጋቸው ከቀኑ 8፣ በክረምታቸው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ። ዒሻም አንበሳሜና ጅዳ እኩል ስለማይገባ እሱም ይታሰብበት።

ከሁሉም በላይ ዝምታን እንደ ስምምነት አንቁጠር። በስልክ ስብሰባ ዝም ያለ ሰው መስመሩ ተቋርጦበት ይሆናል፣ ካርዱ አልቆበት ይሆናል፣ ወይም በታላላቆቹ ፊት «አልሰማሁም» ማለት አፍሮ ይሆናል። ሰብሳቢው እያንዳንዱን በስሙ ይጥራ። መልስ ያልሰጠ ካለ በመደበኛ ስልክ ይደወልለት። ካልተገኘ ገንዘብ የሚወጣበት ውሳኔ ለነገ ይደር። የተወሰነው፣ ሥራውን የሚይዘው ሰው፣ ቀኑና የብሩ መጠን በዚያው ሌሊት ተጽፎ ለሁሉም ይላክ።

«እንዲህ ከሆነማ ሥራ ይጓተታል» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው፤ ትንሹን ነገር ሁሉ ማቆየት አያስፈልግም። የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን የተገኙት ይወስኑ። ገንዘብና ግንባታ ግን የሰው አማና ነው። እኛ አንድ ቀን መጠበቅ ሰልችቶን ልጆቹን አንድ ሙሉ ክረምት አስጠበቅናቸው።

ሐጂን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «እኔስ ምን አልኩ ልጄ፣ የሚሰማኝ አጥቼ ነው እንጂ» ነበር መልሳቸው። እናንተስ በየኮሚቴያችሁ አገር ቤት ያለው ሰው ድምፅ በትክክል ይሰማችኋል? በሚቀጥለው ስብሰባ ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉለት።